በመሙያ ሳጥኖች መካከል የሚደረግ የቁልፍ ሰሌዳ ሽግግር እና የመረጃ ትክክለኛነት፦ በዴስክቶፕ ፕሮግራሞች መስኮት ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

አጠቃሎ

በዴስክቶፕ ፕሮግራሞች መስኮት ውስጥ ከአንድ የመሙያ ሳጥን ወደ ሌላው በቁልፍ ሰሌዳ መሻገር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ምቾት ጉዳይ ይታያል። ይህ ጽሑፍ የሳጥኖቹ ቅደም ተከተል ከምቾት አልፎ የመረጃ ትክክለኛነት አካል እንደሆነ ያሳያል። ለዚህም በኢትዮጵያ የተለመደውን የስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አመዘጋገብ በማሳያነት ይወስዳል። ሦስቱ ሳጥኖች አንድ ዓይነት ቃል ስለሚቀበሉ፣ በመካከላቸው የሚፈጠርን መዛነፍ ኮምፒውተሩ በራሱ ሊለየው አይችልም። ጽሑፉ የታብና የኢንተር ቁልፎችን አመጣጥ፣ የመስኮት መገንቢያ መሣሪያዎች ቅደም ተከተሉን የሚወስኑበትን መንገድ፣ አውቶማቲክ ሽግግር ከአማርኛ አጻጻፍ ጋር የሚፈጥረውን ግጭትና የማረጋገጫ ሥርዓትን በተራ ይመረምራል። በመጨረሻም በማናቸውም መሥሪያ ቤት ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊከናወን የሚችል የመፈተሻ ዘዴ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የትኩረት ቅደም ተከተል፣ የመሙያ ሳጥን፣ የታብ ቁልፍ፣ የአማርኛ አጻጻፍ፣ የመረጃ ትክክለኛነት

1. መግቢያ

ከወረቀት ቅጽ ወደ ኮምፒውተር መረጃ የሚያስገባ ሠራተኛ ዐይኑ የሚያርፈው በወረቀቱ ላይ ነው። እጆቹ የቁልፍ ሰሌዳውን ለምደውታል፤ ወደ ማያ ገጹ ቀና የሚለው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ሠራተኛው አንድ ቃል ጽፎ የታብ ቁልፍን ሲመታ፣ የሚቀጥለው ቃል በወረቀቱ ላይ በሚቀጥለው ቦታ እንደሚያርፍ አምኖ ነው። ይህ እምነት በአንድ ቅጽ ላይ ብቻ ከአሥር ጊዜ በላይ ሊደጋገም ይችላል። እምነቱ ትክክል ሆኖ የሚገኘው ግን ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ አስቀድሞ ካሰበበት ብቻ ነው።

በአንድ መስኮት ውስጥ ካሉት ሳጥኖች፣ አዝራሮችና ዝርዝሮች መካከል በአንድ ቅጽበት ከቁልፍ ሰሌዳው የሚመጣውን ምት የሚቀበለው አንዱ ብቻ ነው። ይህ ክፍል ትኩረት ያለው ክፍል ይባላል። ትኩረት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያልፍበት ሥርዓት ደግሞ የትኩረት ቅደም ተከተል ይባላል። በአብዛኞቹ ሥርዓተ ክወናዎች የታብ ቁልፍ ትኩረትን ወደፊት፣ የሺፍትና የታብ ጥምረት ደግሞ ወደኋላ ያሻግረዋል።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። የትኩረት ቅደም ተከተል ሲዛባ የሚመጣው ጉዳት የሠራተኛው መዘግየት ብቻ አይደለም። መረጃው በተሳሳተ ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ትክክለኛ መስሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ልክ እንደ ስሌት ቀመር ሁሉ በግልጽ ሊጻፍ፣ ሊፈተሽና ለውጥ በተደረገ ቁጥር ሊረጋገጥ ይገባዋል።

2. የፍጥነት ስሌት እና የመተማመን ዋጋ

በቁልፍ ሰሌዳ የመሻገር ጥቅም በቀላሉ ሊሰላ ይችላል። ካርድ፣ ሞራን እና ኒዌል የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት የቁልፍ ምት ሞዴል ውስጥ፣ ለመደበኛ የኮምፒውተር ድርጊቶች አማካይ ጊዜ ሰጥተዋል። ጥሩ የጽሕፈት ልምድ ላለው ሰው አንድ የቁልፍ ምት 0.2 ሰከንድ ያህል፣ በማውስ ወደ አንድ ዒላማ መጠቆም 1.1 ሰከንድ፣ እጅን ከቁልፍ ሰሌዳ ወደ ማውስ ወይም ከማውስ ወደ ቁልፍ ሰሌዳ ማዛወር 0.4 ሰከንድ፣ ለሚቀጥለው ድርጊት በሐሳብ መዘጋጀት ደግሞ 1.35 ሰከንድ ይወስዳል።

በዚህ ሞዴል መሠረት በማውስ ከአንድ ሳጥን ወደ ሌላው መሻገር እጅን ማዛወር፣ መጠቆም፣ መጫንና እጅን መመለስ ስለሚጠይቅ 0.4፣ 1.1፣ 0.2 እና 0.4 ተደምረው 2.1 ሰከንድ ይሆናል። በታብ ቁልፍ ግን 0.2 ሰከንድ ብቻ ነው። 12 ሳጥኖች ባሉት ቅጽ 11 ሽግግሮች አሉ፤ ይህም በማውስ 23.1፣ በታብ ደግሞ 2.2 ሰከንድ ማለት ነው። በቀን 100 ቅጽ የሚያስገባ ሠራተኛ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2090 ሰከንድ፣ ማለትም 35 ደቂቃ ያህል ይሆንበታል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ሌላ ነው። ሠራተኛው ቅደም ተከተሉን ካላመነው፣ ታብን በመታ ቁጥር ቀና ብሎ ጠቋሚው የት እንዳረፈ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ ሽግግር አንድ የሐሳብ ዝግጅት ብቻ ቢጨመር እንኳ በ11 ሽግግር 14.85 ሰከንድ ይጨመራል፤ ድምሩም ከ2.2 ወደ 17.05 ሰከንድ ያድጋል። ከማውስ ጋር ሲነጻጸር የተገኘው ትርፍ አብዛኛው በዚህ ይጠፋል። እንግዲህ ፍጥነትን የሚሰጠው የታብ ቁልፍ መኖር ብቻ አይደለም፤ ቁልፉ የት እንደሚያደርስ ሳያዩ ማወቅ መቻልም ጭምር ነው።

3. የታብ እና የኢንተር ቁልፎች አመጣጥ

የታብ ቁልፍ ከጽሕፈት መኪና የተወረሰ ነው። በጽሕፈት መኪና ላይ ቁልፉ ወረቀት ተሸካሚውን አስቀድሞ ወደተወሰነ የዓምድ ቦታ በአንድ ምት ያደርስ ነበር፤ በሠንጠረዥ የሚጻፉ ቁጥሮች እርስ በርስ እንዲተካከሉ የሚረዳ መሣሪያ ነበር። ቁልፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ «ወደሚቀጥለው የተወሰነ ቦታ ሂድ» የሚል ትርጉም ነበረው ማለት ይቻላል።

የኢንተር ቁልፍ ግን ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው በጽሕፈት መኪና ላይ መስመር ሲያልቅ ወደ አዲስ መስመር የመመለስ ተግባር ነው። ሁለተኛው ከማዕከላዊ ኮምፒውተር ጋር ይገናኙ ከነበሩ ተርሚናሎች የመጣ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1971 ባስተዋወቀው 3270 በተባለው ተርሚናል ላይ ማያ ገጹ በሳጥኖች ተከፍሎ ይታይ ነበር። ተጠቃሚው ከሳጥን ወደ ሳጥን በታብ ይሻገራል፤ ሁሉንም ሞልቶ ሲጨርስ ኢንተርን ይመታል፤ ያን ጊዜ የተሞላው መረጃ በአንድነት ወደ ማዕከላዊው ኮምፒውተር ይላካል። አንድ ሳጥን ሲሞላ ጠቋሚው በራሱ ወደሚቀጥለው እንዲዘል የማድረግ ሥርዓትም በዚሁ ተርሚናል ላይ ነበር።

ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የጋራ የተጠቃሚ አጠቃቀም መመሪያ የቁልፎቹን ሚና በግል ኮምፒውተር መስኮቶች ላይ ወጥ ለማድረግ ሞክሯል፤ የዊንዶውስ የቁልፍ ልማዶችም ከዚህ መመሪያ ብዙ ወስደዋል። ያም ሆኖ የኢንተር ሁለት ትርጉም፣ ማለትም «ወደሚቀጥለው መስመር እለፍ» እና «ጨርሻለሁ፣ ላክ» የሚሉት፣ እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ ቁልፍ ላይ ተደርበው ይገኛሉ።

4. ቅደም ተከተሉን ማን ይወስነዋል?

የመስኮት መገንቢያ መሣሪያዎች ቅደም ተከተሉን የሚወስኑበት መንገድ ይለያያል። ፕሮግራም ጸሐፊው ምንም ባይናገርም መሣሪያው በራሱ ልማድ አንድ ቅደም ተከተል ይሰጣል። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው፤ የተሰጠው ቅደም ተከተል ትክክል ሊመስል ይችላል፣ የታሰበበት ግን አይደለም።

በዊንዶውስ ፎርምስ እያንዳንዱ ክፍል ታብ ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር አለው። ክፍሉ በንድፍ ማውጫው መስኮት ላይ ሲጨመር ቁጥሩ እንደ አጨማመሩ ተራ ይሰጠዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የተጨመረ ሳጥን በመስኮቱ አናት ላይ ቢቀመጥም በተራው የመጨረሻ ይሆናል። ሳጥኖች በፓነል ውስጥ ከተሰበሰቡ ደግሞ ቁጥራቸው የሚነጻጸረው በዚያው ፓነል ውስጥ ካሉት ጋር ብቻ ነው።

በዊንዶውስ ፕሬዘንቴሽን ፋውንዴሽን ቁጥር ያልተሰጣቸው ክፍሎች ሁሉ አንድ ዓይነት መነሻ ዋጋ አላቸው፤ ይህም 2147483647 ነው። በመሆኑም በመስኮቱ መግለጫ ውስጥ የተጻፉበት ተራ ይወስናል። ፕሮግራም ጸሐፊው ለአንዱ ሳጥን ብቻ ቁጥር ቢሰጥ ያ ሳጥን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይወጣል፤ ይህም በከፊል የተሰጠ ቁጥር ጨርሶ ካልተሰጠ ቁጥር የባሰ ጥፋት እንደሚያስከትል ያሳያል።

በኪውት መነሻው ክፍሎቹ በፕሮግራሙ ውስጥ የተፈጠሩበት ተራ ነው፤ ሌላ ተራ ከተፈለገ ሳጥኖቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማያያዝ ያስፈልጋል። የጃቫ ስዊንግ ግን የክፍሎቹን ቦታ ይመለከታል። በጃቫ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው 1.4 እትም የትኩረት ሥርዓቱ እንደ አዲስ ከተዘጋጀ በኋላ፣ የስዊንግ መነሻ መመሪያ ክፍሎቹን እንደ ጽሑፉ አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝና ከላይ ወደ ታች ያነባል። ይህ ከአጨማመር ተራ የተሻለ ቢመስልም የራሱ ጉድለት አለው። በግራ ዓምድ የግል መረጃ፣ በቀኝ ዓምድ አድራሻ ያለበት ቅጽ ሳጥኖቹ በፓነል ካልተለያዩ፣ ትኩረት ከስም ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ወደ አባት ስም እየተመላለሰ ይሄዳል።

ማክኦኤስ ላይ ሌላ ልዩነት አለ። በመነሻ ቅንብሩ ታብ የሚያርፈው በጽሑፍ ሳጥኖችና በዝርዝሮች ላይ ነው፤ አዝራሮችንና ሌሎች ክፍሎችን እንዲያካትት ተጠቃሚው የቁልፍ ሰሌዳ ሽግግርን በቅንብር ውስጥ ማብራት አለበት። ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተፈትሾ የተላለፈ ቅደም ተከተል በሌላው ላይ ተመሳሳይ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

5. ድምፅ የሌለው መዛነፍ

የጉዳዩን ክብደት ለማሳየት አንድ የምዝገባ መስኮት በምሳሌነት ይወሰድ። በመጀመሪያው እትም መስኮቱ አምስት ሳጥኖች ነበሩት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ እና ስልክ ቁጥር። ከጊዜ በኋላ የአያት ስም እንዲጨመር ተጠየቀ። ፕሮግራም ጸሐፊው አዲሱን ሳጥን ከአባት ስም ቀጥሎ በተገቢው ቦታ አስቀመጠው፤ ለዐይን መስኮቱ የተሟላና የተስተካከለ ነው። በትኩረት ቅደም ተከተል ግን አዲሱ ሳጥን ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ ስድስተኛ ሆኖ ቀረ።

መረጃ አስገቢው ከወረቀቱ እያነበበ «አበበ» ብሎ ታብ፣ «ከበደ» ብሎ ታብ፣ «ተሰማ» ብሎ ታብ፣ «አልማዝ ወርቁ» ብሎ ታብ፣ «ደብረ ብርሃን» ብሎ ታብ ይመታል። ውጤቱ የሚከተለው ይሆናል። አበበ በስም፣ ከበደ በአባት ስም በትክክል ይገባሉ። ተሰማ የተባለው አያት ግን በእናት ስም ሳጥን ውስጥ ይመዘገባል፤ አልማዝ ወርቁ የትውልድ ቦታ ትሆናለች፤ ደብረ ብርሃን ወደ ስልክ ቁጥር ይሄዳል። የስልክ ሳጥኑ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ከተደረገ የመጀመሪያው የስሕተት ማስጠንቀቂያ የሚሰማው በዚህ ቦታ ነው። ሠራተኛው የሚያርመውም አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ የተሰጠበትን ሳጥን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ስሕተቶች ግን ማንም ሳይከሳቸው ያልፋሉ።

ይህ መዛነፍ በሌላ የስም ሥርዓት ውስጥም ይከሰታል፤ በኢትዮጵያ ግን ለመለየት ይበልጥ ያስቸግራል። በኢትዮጵያ ልማድ የቤተሰብ ስም የሚባል ለብቻው የቆመ የቃላት ክፍል የለም፤ የአባት ስም የአባቱ መጠሪያ፣ የአያት ስም የአያቱ መጠሪያ ነው። ዛሬ የአንዱ መጠሪያ የሆነው «ተሰማ» ነገ የልጁ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጁ የአያት ስም ነው። በመሆኑም ፕሮግራሙ የስሞች መዝገብ ይዞ ቢያመሳክር እንኳ የትኛው ቃል በየትኛው ሳጥን መግባት እንደነበረበት ሊያውቅ አይችልም። ቁጥርን ከፊደል፣ ቀንን ከስልክ የሚለየው የተለመደው ማረጋገጫ እዚህ ላይ አይሠራም።

ስሕተቱ ሲገለጥ ደግሞ የሚገለጠው ባለጉዳዩ የምስክር ወረቀቱን ወይም መታወቂያውን ከተቀበለ በኋላ ነው። በአንዱ ሰነድ ላይ የተጻፈው የአያት ስም በሌላው ላይ ካለው ሲለይ፣ ባለጉዳዩ ሁለቱም ሰነዶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት ይጠበቅበታል። በመስኮቱ ንድፍ ላይ የተረሳ አንድ ቁጥር በዚህ መልኩ የሰው ጉዳይ ይሆናል።

6. ኢንተር፦ መሻገሪያ ወይስ ማጠናቀቂያ?

መረጃ አስገቢዎች ኢንተር እንደ ታብ እንዲያሻግራቸው የሚጠይቁበት በቂ ምክንያት አለ። በቁልፍ ሰሌዳው ቀኝ ጫፍ ባለው የቁጥር ክፍል ላይ ኢንተር አለ፤ ታብ ግን የለም። በቀኝ እጁ ተከታታይ ቁጥሮችን የሚያስገባ ሰው ለታብ ሲል እጁን ማንሳት ወይም ግራ እጁን መጠቀም አለበት። በኤክሴል የለመደ ሰውም ኢንተር ወደ ታችኛው ሕዋስ፣ ታብ ወደ ቀኙ ሕዋስ እንደሚያሻግር ያውቃል።

በአንጻሩ የዊንዶውስ ልማድ ኢንተርን ለመስኮቱ ዋና አዝራር ይሰጣል። በዊንዶውስ ፎርምስ ይህ አዝራር አክሴፕት በተን በተባለ ባሕርይ ይሰየማል። ዋናው አዝራር «መዝግብ» ከሆነና ሠራተኛው በልማድ በሦስተኛው ሳጥን ላይ ኢንተርን ቢመታ፣ ገና ያልተሟላ መዝገብ ይቀመጣል።

ሁለቱን ለማስታረቅ ሦስት ነገሮች አስፈላጊ ናቸው። አንደኛ፣ በአንድ ድርጅት ፕሮግራሞች ሁሉ የኢንተር ትርጉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ በአንዱ መስኮት የሚያሻግር፣ በሌላው የሚመዘግብ ቁልፍ ከሁሉም የከፋ ነው። ሁለተኛ፣ ኢንተር መሻገሪያ ከሆነ ምዝገባው እንደ ኮንትሮልና ኢንተር ላለ የተለየ ጥምረት ይሰጥ፤ በመጨረሻው ሳጥን ላይ የተመታ ኢንተርም ሳይጠይቅ አይመዝግብ። ሦስተኛ፣ ብዙ መስመር በሚቀበል የማብራሪያ ሳጥን ውስጥ ኢንተር አዲስ መስመር መክፈቱን ይቀጥል። በእንዲህ ያለው ሳጥን ታብም ባዶ ቦታ ሊጽፍ ይችላል፤ በስዊንግ ከዚህ ሳጥን ለመውጣት ኮንትሮልና ታብ በአንድነት ይመታሉ። ይህን የማያውቅ ተጠቃሚ ከሳጥኑ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ለምዝገባ በተዘጋጀ ቅጽ ውስጥ ታብ ሁልጊዜ እንዲያሻግር ማድረጉ የተሻለ ነው።

7. የአማርኛ አጻጻፍ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች

ስለ ቁልፍ ሰሌዳ ሽግግር የሚሰጡ አብዛኞቹ ምክሮች አንድ ምት አንድ ፊደል ነው ከሚል ግምት ይነሣሉ። በአማርኛ ይህ ግምት አይሠራም። በድምፅ አቻነት በሚሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ በሁለት ምት ይጻፋል፤ በመጀመሪያው ምት ተነባቢው፣ በሁለተኛው አናባቢው ይመጣል። «ለ»ን ለመጻፍ በመጀመሪያው ምት «ል» ይታያል፤ በሁለተኛው ምት «ል» ወደ «ለ» ይለወጣል።

አሁን አንድ ፊደል ብቻ የሚቀበል የምድብ ሳጥን ይታሰብ፤ የሚሞላውም «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ወይም «መ» ነው። ፕሮግራሙ ሳጥኑ እንደሞላ ትኩረትን በራሱ እንዲያሻግር ከተደረገ፣ «ል» እንደታየ ሳጥኑ ሞልቷል ብሎ ይሻገራል። ሁለተኛው ምት በሚቀጥለው ሳጥን ውስጥ ያርፍና ብቻውን የቆመ አናባቢ ፊደል ሆኖ ይጻፋል። ውጤቱ በአንድ ምት ሁለት የተበላሹ ሳጥኖች ነው። ስለዚህ በርዝመት ላይ የተመሠረተ አውቶማቲክ ሽግግር በአማርኛ ጽሑፍ ሳጥኖች ላይ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

በቀን ሳጥኖች ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 13 ወራት አሉት። በወር ሳጥን «1» የጻፈ ሰው መስከረምን ሊል ይችላል፤ ወይም ጥቅምት ሁለተኛው ወር መሆኑ ሳይምታታበት 10፣ 11፣ 12 ወይም 13 ለመጻፍ ገና ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ከመጀመሪያው አኃዝ ምንም ሊደመድም አይችልም። ሁልጊዜ ሁለት አኃዝ፣ ማለትም «01»፣ እንዲጻፍ ካልተደነገገ በቀር በራስ መሻገር ለስሕተት ይዳርጋል። የወሩ ቁጥር 13 ሲሆን ደግሞ ቀኑ ከ5 ወይም ከ6 መብለጥ ስለማይችል፣ ቀን ከወር በፊት በሚሞላበት ቅጽ የቀኑ ማረጋገጫ የሚካሄደው ሦስቱም ሳጥኖች ከተሞሉ በኋላ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ የቋንቋ ነው። በብዙ ቅጾች ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፋል። ትኩረት ከአማርኛው ሳጥን ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገር መጻፊያው ቋንቋ አብሮ ካልተለወጠ፣ ወረቀቱን እያየ የሚጽፈው ሠራተኛ የእንግሊዝኛውን ስም በግዕዝ ፊደል ጽፎ ያገኘዋል። የመገንቢያ መሣሪያዎቹ ለዚህ መፍትሔ አላቸው። በዊንዶውስ ፎርምስና በዊንዶውስ ፕሬዘንቴሽን ፋውንዴሽን ሳጥኑ ትኩረት ሲያገኝ የመጻፊያውን ቋንቋ በትእዛዝ መለወጥ ይቻላል፤ ጃቫም ተመጣጣኝ ዘዴ አለው። የራሳቸውን ማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ የሚጠቀሙ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ግን ለዚህ ትእዛዝ ላይታዘዙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ከሳጥኑ ሲወጣ ፊደሎቹ በዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል ክልል ውስጥ መሆን አለመሆናቸውን ማየት በቂ ነው። ከስሞች መዛነፍ በተለየ ይህን ስሕተት ኮምፒውተሩ በቀላሉ ይለየዋል።

በዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ማሳሰቢያ ይጨመራል። በዊንዶውስ የመጻፊያ ሥርዓቱ ለራሱ የተቀበለው ቁልፍ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው በመለያ ቁጥር 229 ነው። የኢንተርን መለያ ቁጥር 13ን ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም ፊደል ገና በመጠናቀቅ ላይ ሳለ የተመታውን ምት ላያየው ይችላል። ስለሆነም ኢንተርን መሻገሪያ የሚያደርግ ማናቸውም ፕሮግራም በአማርኛ መጻፊያ ሳይሞከር ተጠናቋል ሊባል አይገባም።

8. ማረጋገጫ እና መውጫ ያጣ ትኩረት

በሳጥን ውስጥ ስሕተት ሲገኝ ትኩረቱን በዚያው ሳጥን ማገድ የተለመደ ነው። በዊንዶውስ ፎርምስ ከሳጥን ሲወጣ የሚካሄደው ማረጋገጫ መውጣትን ሊሰርዝ ይችላል፤ በስዊንግም ተመሳሳይ አረጋጋጭ አለ። ሐሳቡ በጎ ቢሆንም መዘዝ አለው። በወረቀቱ ላይ ስልክ ቁጥሩ የማይነበብ ከሆነ ሠራተኛው ሳጥኑን አልፎ ሌላውን መሙላትም፣ ቅጹን መሰረዝም አይችልም። መውጫ ለማግኘት ሲልም የሐሰት ቁጥር ይጽፋል። ለትክክለኛነት የተሠራው አጥር በዚህ ሁኔታ የስሕተት ምንጭ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሁለተኛው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ሁሉም ተግባር በቁልፍ ሰሌዳ እንዲከናወን፣ ትኩረት በየትም ቦታ መውጫ እንዳያጣ፣ ቅደም ተከተሉ ትርጉሙን እንዲጠብቅና ትኩረት ያለው ክፍል በግልጽ እንዲታይ ያዛል። መመሪያው ከድረ ገጽ ውጭ ባሉ ፕሮግራሞች ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያብራራ ሰነድም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን ተደራሽነት ያካትታል። ማያ ገጹን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ለሚሠራ ዐይነ ስውር ባለሙያ የትኩረት ቅደም ተከተል ማለት መስኮቱ ራሱ ነው፤ ሳጥኖቹ በማያ ገጹ ላይ የተቀመጡበት ቦታ ለእርሱ የሚነግረው ነገር የለም። ቅደም ተከተሉ ሲስተካከል የሚጠቀመው ግን እርሱ ብቻ አይደለም። ዐይኑን ከወረቀቱ ላይ የማያነሣው መረጃ አስገቢም በሥራው ቅጽበት ማያ ገጹን የማያይ ተጠቃሚ ነው።

9. የመፈተሻ ዘዴ

ከላይ የተነሡትን ችግሮች ለመያዝ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚከተለው ዘዴ ይበቃል። በቅድሚያ የወረቀት ቅጹ ይወሰድና ክፍት ቦታዎቹ በሙሉ በወረቀቱ ተራ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ»፣ «መ» እየተባሉ ይሞሉ። ቁጥር ብቻ በሚቀበሉ ቦታዎች ተከታታይ ቁጥር ይግባ። ከዚያም ፈታሹ ማያ ገጹን አጥፍቶ ወይም ሸፍኖ፣ ማውሱን ነቅሎ፣ ከወረቀቱ እያነበበ በታብ ብቻ ይሙላ፤ መዝገቡንም ያስቀምጥ። በመጨረሻ የተቀመጠው መዝገብ ታትሞ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር። የፊደል ተራው ከተዛባ፣ የተዛባበት ቦታ ስሕተቱ የት እንዳለ ራሱ ይናገራል። በአምስተኛው ክፍል የቀረበው ምሳሌ በዚህ ፍተሻ ቢታይ፣ በእናት ስም ቦታ «ሐ» ታትሞ ይገኝ ነበር።

ይኸው ፍተሻ በሺፍትና በታብ ወደኋላ፣ ከዚያም አማርኛ መጻፊያው በርቶ ሳለ ሊደገም ይገባል። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም የሳጥኖቹን ስያሜ በሚጠበቀው ተራ በአንድ ዝርዝር ጽፈው፣ ታብን በፕሮግራም እያስመቱ የሚያመሳክር አውቶማቲክ ፈተና ማዘጋጀት ይችላሉ። የዚህ ፈተና ዋና ጥቅም በመጀመሪያው እትም ላይ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ አንድ ሳጥን ሲጨምር ነው።

10. ማጠቃለያ

የትኩረት ቅደም ተከተል በማያ ገጽ ላይ የማይታይ የመስኮት ክፍል ነው። ስለማይታይም ለመገንቢያ መሣሪያው ልማድ የሚተው ይበዛል። ይህ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ልማዱ በአጨማመር ተራ ወይም በቦታ አቀማመጥ ላይ የተመሠረተ እንጂ በወረቀቱ ተራ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ሳጥኖቹ የተለያየ ዓይነት መረጃ ሲቀበሉ ስሕተቱን ማረጋገጫው ሊይዘው ይችላል፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ጎን ለጎን በሚቆሙበት ቅጽ ግን ትክክለኛውን ተራ ከማስቀመጥ ሌላ መከላከያ የለም።

በመሆኑም የወረቀቱ ተራ የመስኮቱ ተራ እንዲሆን፣ የኢንተር ትርጉም አንድና የታወቀ እንዲሆን፣ በአማርኛ ሳጥኖች ላይ በርዝመት መሻገር እንዲቀር፣ የመጻፊያው ቋንቋ ከትኩረቱ ጋር አብሮ እንዲሻገር፣ ማረጋገጫውም ስሕተትን እየጠቆመ መንገድ እንዳይዘጋ ማድረግ ያስፈልጋል። የፕሮግራም ርክክብ በሚደረግበት ጊዜ የተሸፈነ ማያ ገጽ ፍተሻ ከመቀበያ መስፈርቶቹ አንዱ ቢሆን፣ ለአንድ ቅጽ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የሚያድነው ግን የባለጉዳዩን ስም ነው።